ደብዳቤውን ሳታነቡ አትጣሉት፦ ስለ ጋዝ ጉድጓድ ለዳላስና ለፎርት ዎርዝ ወገኖች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በዳላስ፣ በአርሊንግተን፣ በግራንድ ፕሬሪ፣ በፎርት ዎርዝና በዴንተን ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቼ፤
ለሰበካ ጉባኤዎች፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ለእድሮችና ለኮሚኒቲ ማኅበራት አመራሮች፤

ጤና ይስጥልኝ።

ከከተማው አስተዳደር ስለሚላክ አንድ ደብዳቤ ልነግራችሁ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ሁለት ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ ትንሽ ካርታ አብሮት ይኖራል። የሕዝብ ውይይት እንደሚካሄድ ይናገራል፣ ቀንና ሰዓት ይሰጣል። ብዙዎቻችን ከክሬዲት ካርድና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ጋር ጠቅልለን ቆሻሻ ውስጥ እንከተዋለን። ግን ከቤታችሁ አጠገብ የጋዝ ጉድጓድ ይቆፈር ወይስ አይቆፈር የሚለው ከመወሰኑ በፊት የሚደርሳችሁ ማሳወቂያ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

እኔ የምኖረው አርሊንግተን ነው። ሥራዬ ቤት ማሻሻጥ ስለሆነ የወገኖቻችንን የቤት ወረቀት በብዛት አያለሁ። የጋዝ ነገር ሲነሳ የምሰማው ሁሌ ያው ነው፦ «እኛን ምን አገባን? ቢያገባንስ ማን ይሰማናል?» በእኔ እምነት ያገባናል። የሚሰማም አለ። ችግሩ የሚሰማው በተወሰነ ቦታና በተወሰነ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ያ ቀን ካለፈ በኋላ የሚደረግ ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መቼም ስለ ኦጋዴን ጋዝ ስንከራከር ማን ይችለናል! ካሉብና ሂላላ የሚባሉትን ቦታዎች ያላየ ሰው ሳይቀር ቡና ላይ ተቀምጦ ውሉን ይተነትናል። ዓለምን የቀየረው የሼል ጋዝ ሥራ የተጀመረው ግን እኛው ከምንኖርበት የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዳላስ በስተ ምዕራብ፣ ከመሬት በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ባርኔት ሼል የሚባል ጥቁር ድንጋይ ተነጥፏል። (ሼል እዚህ የድንጋይ ዓይነት ነው፤ የነዳጅ ማደያው አይደለም።) ታራንት፣ ዴንተን፣ ዋይዝና ጆንሰን ካውንቲዎች የዚህ ድንጋይ እምብርት ናቸው። ጋዙ ድንጋዩ ውስጥ ታምቆ ስለሚኖር ለብዙ ዘመን አያዋጣም ተብሎ ተትቶ ነበር። ጆርጅ ሚቸል የሚባል የቴክሳስ የጋዝ ባለሀብት ኩባንያ በ1981 ዋይዝ ካውንቲ ውስጥ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ቆፈረ። ሥራው የተሳካለት ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ውሃና አሸዋ ከጥቂት ኬሚካል ጋር በከፍተኛ ግፊት እየላከ ድንጋዩን በርካሽ መሰንጠቅ ቻለ። ዛሬ ፍራኪንግ የሚባለው ይሄ ነው። በኋላ ወደ ጎን መቆፈር ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ከብዙ ቤቶች ሥር ያለውን ጋዝ መሳብ ተቻለ። በከተማ መሃል፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አዳራሽ አጠገብ የጋዝ ጉድጓድ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጉድጓድ ለመሰንጠቅ ብዙ ሚሊዮን ጋሎን ውሃ ይፈልጋል። ያን የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖች አሉ። ቁፋሮው ሌት ተቀን የሚሄድበት ጊዜ አለ። ጋዙ ሲወጣ ደግሞ ከጥልቁ እጅግ ጨዋማ የሆነ ውሃ አብሮ ይወጣል። እሱን ወስደው ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምሩታል። የዚህን የመጨረሻውን ነገር አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን የምትኖሩ «እኛ ጋ ጉድጓድ የለም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ የለም። ግን ልጃችሁ ዩቲኤ (አርሊንግተን ያለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ) ከገባ ግቢው ውስጥ የጋዝ ጉድጓዶች አሉ። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ተራ ይዘው የሚውሉበት የዲኤፍደብሊው አየር ማረፊያም በ2006 መሬቱን ለጋዝ ቁፋሮ አከራይቶ ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሏል። ቤት ሲወደድ ደግሞ ሁላችንም ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን እየሸሸን ነው። ወደ ዴንተን ካውንቲና ወደ ፎርት ዎርዝ ዳርቻ። ማለትም ወደ ጉድጓዶቹ።

አሁን ወደ ቤት ወረቀቱ ልምጣ፤ ይሄ የእኔ ሙያ ነው። አገር ቤት መሬቱም ከሥሩ ያለውም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቴክሳስ እንዲህ አይደለም። እዚህ የመሬቱ ባለቤት አንድ ሰው፣ ከሥሩ ያለው ማዕድን ባለቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አዲስ ሰፈር የሠራው ድርጅት ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ገበሬ ማዕድኑን ለራሱ አስቀርቶ ቤቱን ብቻ ሊሸጥላችሁ ይችላል። ይሄ ወረቀቱ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ሆኖ ይቀመጣል። ሲፈረም ማንም ቆም ብሎ አያነበውም። የቴክሳስ ሕግ ደግሞ ለማዕድኑ ባለቤት ያደላል። ጋዙን ለማውጣት አስፈላጊ በሆነው መጠን በመሬቱ የመጠቀም መብት ይሰጠዋል። ከተማ ውስጥ በእናንተ ጓሮ ሪግ (የቁፋሮ ማማ) ይተከላል ማለት አይደለም፤ ቁፋሮው ከሩቅ ቦታ ወደ ጎን ይመጣል። ግን ከሥራችሁ ለሚወጣው ጋዝ አንድ ሳንቲም ላታገኙ ትችላላችሁ። ጫጫታውና ሽታው ግን ይደርሳችኋል።

ማዕድኑ የራሳቸው የሆነ ሰዎች ደግሞ በ2008 ጉድ አይተዋል። የኩባንያ ወኪሎች በር እያንኳኩ፣ ማዕድኑን ለማከራየት ለሚፈርም ሰው ለአንድ ኤከር ከ20,000 ዶላር በላይ የፊርማ ክፍያ ይሰጡ ነበር። የሩብ ኤከር ግቢ ያለው ሰው 5,000 ዶላር በአንድ ፊርማ! በዚያው ዓመት መጸው ላይ የጋዝ ዋጋ ሲወድቅ ብዙዎቹ ወኪሎች ጠፉ። ቶሎ የፈረመ አገኘ፣ የቆየ ቀረ። ከዚያ ጊዜ የቀረ አንድ የተሳሳተ አመለካከት አለ። «ፈርሜያለሁ፣ ስለዚህ መናገር አልችልም» የሚል። ወይም በተቃራኒው «ማዕድኑ የእኔ አይደለም፣ ስለዚህ አይመለከተኝም» የሚል። ሁለቱም ስህተት ነው። በከተማው ስብሰባ ላይ የምትናገሩት ጎረቤት ስለሆናችሁ ነው። ማዕድኑ የማን ነው ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም።

«ማን ይሰማናል?» ለሚለው ደግሞ የኤዝልን ታሪክ ልንገራችሁ።

ኤዝል ከፎርት ዎርዝ በሰሜን ምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከ2013 ኅዳር ጀምሮ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በዚያ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚባል ነገር ሰው አያውቅም ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከሁለት ደርዘን በላይ ተቆጠረ፤ ትልቁ 3.6 ነበር። ከተማ የሚያፈርስ አይደለም። ግን ሌሊት ቤቱ ሲነቃነቅ፣ ግድግዳው ሲሰነጠቅ፣ ሕፃን ሲጮኽ «ትንሽ ነው» ማለት አያጽናናም። ሕዝቡ የጠረጠረው ያንን ጨዋማ ውሃ ነበር። በአካባቢው ውሃው ወደ ጥልቅ የሚጨመርባቸው ጉድጓዶች ነበሩ።

በቴክሳስ የነዳጅና የጋዝ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የባቡር ኮሚሽን ይባላል። አዎ፣ የባቡር። በ1891 ለባቡር ተቋቁሞ ነበር፤ ዛሬ ከባቡር ጋር ምንም የቀረው ነገር የለም፣ ስሙ ግን አልተቀየረም። ይሄን የምነግራችሁ ለወሬ አይደለም። ስለ ጋዝ አቤት ማለት የሚፈልግ ሰው «ባቡር» የሚል መሥሪያ ቤት ሲያይ የተሳሳተ ቦታ የመጣ ይመስለዋል።

በ2014 ጥር መጀመሪያ ላይ ከኮሚሽነሮቹ አንዱ ኤዝል ድረስ መጥቶ ስብሰባ ተደረገ። ብዙ መቶ ሰው አዳራሹን ሞላው። ሕዝቡ ጠየቀ። ባለሥልጣኑ ሊሰማ እንጂ ሊመልስ እንዳልመጣ ተናገረ። ሰው ተናዶ ወጣ። እኛ ብንሆን እዚህ ላይ እናበቃ ነበር፤ «አላልኳችሁም?» ብለን ወደ ቤት። የኤዝል ሰዎች ግን ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አውቶቡስ ተከራይተው ኦስተን ሄዱ። ኮሚሽኑ ራሱ በሚሰበሰብበት ቀን። ጡረተኛ አለ፣ የቤት እመቤት አለች፣ የከተማ ከንቲባ አለ። አንዳንዶቹ ስለ መንቀጥቀጡ ግጥም ገጥመው ዘፈን ሳይቀር ዘፈኑ። በዚያ ስብሰባ መሃል ሲዘፈን አስቡት!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ኮሚሽኑ በዚያው ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ ባለሙያ ቀጠረ። በ2014 መጸው ላይ ደንቡን አሻሻለ። ቆሻሻ ውሃ ወደ መሬት ለመጨመር የሚጠይቅ ኩባንያ በአካባቢው የተመዘገበውን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አብሮ እንዲያቀርብ ግድ ሆነ። ኮሚሽኑም መንቀጥቀጥ ከታየ ፈቃዱን የማሻሻል ወይም የማገድ ሥልጣኑ በደንቡ ላይ በግልጽ ተጻፈ። በ2015 በሳውዘርን ሜተዲስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት የኤዝሉ መንቀጥቀጥ ምክንያት ውሃ ከመሬት ማውጣቱና ቆሻሻ ውሃ መልሶ መጨመሩ አንድ ላይ ሆነው መሆኑ በጣም የሚመስል ነው ብሎ ደመደመ። የክልሉ ምክር ቤት ደግሞ ቴክሳስን የሚያዳርስ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ እንዲዘረጋ ገንዘብ መደበ።

ሙሉ ድል አልነበረም። ኮሚሽኑ በ2015 ሁለት ኩባንያዎችን ጠርቶ ከመረመረ በኋላ ለመንቀጥቀጡ ምክንያት መሆናቸው በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም አለ። የጠበቀ ሰው አዘነ። ቢሆንም ደንቡ ተቀይሯል፣ መሣሪያው ተተክሏል። ዛሬ ቴክሳስ ውስጥ መሬት ሲንቀጠቀጥ ቁጥሩን ማንም ከስልኩ ማየት ይችላል። አውቶቡስ የተከራዩት ሰዎች ባይኖሩ ይሄ ሁሉ በዚያ ፍጥነት ይሆን ነበር ብዬ አላምንም።

የዴንተን ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከፓርክና ከቤቶች አጠገብ የሚቆፈረው ጉድጓድ ያስመረራቸው ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ድምፅ ላይ አዋሉት። ኅዳር 4 ቀን 2014 ከመራጩ 59 በመቶ ያህሉ ፍራኪንግ በከተማው እንዲታገድ ወሰነ። በነጋታው ክስ ተመሠረተ። ከሳሾቹ አንደኛው የኢንዱስትሪው ማኅበር፣ ሌላኛው የክልሉ የመሬት ጽሕፈት ቤት ናቸው። ክሱ ሳያልቅ የክልሉ ምክር ቤት ኤችቢ 40 የተባለ ሕግ አወጣ፤ ገዥው ግሬግ አቦት በግንቦት 2015 ፈረሙበት። ሕጉ ከመሬት በታች ያለውን የነዳጅና የጋዝ ሥራ ከተሞች እንዳይነኩት ከለከለ። ዴንተን በሚቀጥለው ወር እገዳዋን ራሷ ሰረዘች።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የወሰደው ትምህርት «ድምፅ ዋጋ የለውም» የሚል ነው። ሕጉን ያነበበ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ኤችቢ 40 ለከተሞች የተወላቸው ነገር አለ። ከመሬት በላይ ያለውን ሥራ መቆጣጠር ይችላሉ፦ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ዝግጅት፣ የከባድ መኪና መንገድ፣ መብራት፣ ድምፅ፣ ለነዋሪው ማሳወቅ፣ ጉድጓዱ ከቤት የሚርቅበት ልክ። ለንግዱ ምክንያታዊ መሆን አለበት፣ ሥራውንም ጨርሶ መከልከል የለበትም። ይሄ ነው የቀረን። ትንሽ ነው። ሕጉ በእኔ አስተያየት ከተሞችን አላግባብ አሳንሷል። ግን በእጅ ያለውን ሳይጠቀሙ ስለተወሰደው ማልቀስ አያዋጣም።

የርቀቱን ነገር እንኳ ብናይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዳላስ በ2013 መጨረሻ 1,500 ጫማ ወስኗል፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። አርሊንግተንና ፎርት ዎርዝ በ600 ጫማ ነው የታወቁት፣ እሱም ልዩ ሁኔታዎች ተፈቅደውበት። የተመሳሳይ ክልል፣ የጎረቤት ከተሞች። ልዩነቱ የመጣው የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ በተከራከረው ሰው ብዛት ነው ብል አላጋነንኩም።

እዚሁ አርሊንግተን በ2020 ሰኔ ያየነውም ይሄንኑ ነው። አንድ ኩባንያ ከሕፃናት ማቆያ አጠገብ ባለው ቦታው ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ለመቆፈር ጠየቀ። የማቆያው ሕፃናት አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ነበሩ። ነዋሪዎች መጥተው ተናገሩ፣ ምክር ቤቱም አልፈቀደም። ነገሩ ግን በዚያ አልሞተም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣ። ኩባንያ አይደክመውም። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አለው። እኛ ከሥራ ፈቃድ ወስደን ነው የምንሄደው።

እንግዲህ ወደዚያ ደብዳቤ ልመለስ። የቴክሳስ ሕግ እንዲህ ያለ የመሬት አጠቃቀም ጥያቄ ሲቀርብ በ200 ጫማ ውስጥ ላሉ ባለንብረቶች ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን በፊት እንዲነገራቸው ያዛል። 200 ጫማ 60 ሜትር ያህል ነው። ለጋዝ ጉድጓድ ከዚያ የሚሰፋ ርቀት የሚያሳውቁ ከተሞች አሉ፤ የእናንተ ከተማ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ሌላ ልብ በሉ፦ ደብዳቤው የሚሄደው ለባለንብረት ነው። አፓርታማ የተከራየ ቤተሰብ አይደርሰውም። የሚደርሰው ምናልባት ሌላ ክልል ለሚቀመጥ የአፓርታማው ባለቤት ነው። ከመጣን ገና ጥቂት ዓመት የሆነን ሰዎች አብዛኞቻችን ተከራይ ነን። አዳራሽ ተከራይተው የሚያመልኩ ምእመናን፣ ቤት ተከራይታ ሕፃናት የምትጠብቅ እኅታችንም እንዲሁ። ሕጉ አያያችሁም። ስለዚህ ባለንብረት የሆንነው ደብዳቤው ሲደርሰን ፎቶ አንስተን በሰፈር ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግዴታችን ነው።

በዚያው ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ኃይለኛ ነገር አለ። ጉድጓዱ የሚፈቀደው በመሬት አጠቃቀም ለውጥ ከሆነ፣ በ200 ጫማ ዙሪያ ካለው መሬት የ20 በመቶው ባለቤቶች በጽሑፍ ተቃውመው ከፈረሙ፣ ምክር ቤቱ በተራ አብላጫ ማጽደቅ አይችልም። ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ፓርኪንግ ያለው ሕንፃ ከገዛች የእሷ ፊርማ ብቻውን 20 በመቶውን ሊሞላ ይችላል። ሰበካ ጉባኤዎች ይህን ልብ በሉልኝ። እኛ ከባንክ ብድር ተበድረን የገዛነው ግቢ ከጸሎት ሌላ የዜግነት ክብደትም አለው።

የቆሻሻ ውሃ ጉድጓድ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ጥያቄው ለባቡር ኮሚሽኑ ይቀርባል፣ በአካባቢው ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ጉዳዩ የሚነካው ሰው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወመ ጥያቄው ወደ ችሎት መሰል ክርክር ሊሄድ ይችላል። 15 ቀን። በትንሽ ፊደል የታተመ የጋዜጣ ማስታወቂያ። ይህን የሚከታተል ሰው ከሌለ ማለፉ የማይቀር ነው።

ጉድጓዱ ከተቆፈረ በኋላ ቁጥጥሩ በሦስት መሥሪያ ቤት ይከፈላል። ሽታና የአየር ብክለት ከሆነ የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ ኮሚሽን፣ በምህጻሩ ቲሲኢኪው። ጉድጓዱ ራሱ፣ መፍሰስና ቆሻሻ ከሆነ የባቡር ኮሚሽኑ። ድምፅ፣ መብራትና ከባድ መኪና ከሆነ የከተማው አስተዳደር። የተሳሳተው ቦታ የደወለ ሰው «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ስልኩ ይዘጋበታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አይደውልም። ስትደውሉ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ጻፉ፤ የአቤቱታ ቁጥር ሳትቀበሉ ስልኩን አትዝጉ። ለመሰንጠቂያ የተጠቀሙበትን ኬሚካል ዝርዝር ደግሞ ቴክሳስ በ2011 ባወጣው ሕግ ኩባንያዎች ፍራክፎከስ በሚባል ድረ ገጽ ላይ እንዲያወጡ ታዘዋል። የንግድ ምስጢር ያሉትን መደበቅ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ የሚነበብ ነገር አለ። የፌዴራሉ መንግሥት በ2005 ፍራኪንግን ከመጠጥ ውሃ ጥበቃ ሕጉ ዋና ቁጥጥር ስላወጣው፣ በዲዝል ካልተሠራ በስተቀር፣ ከዋሽንግተን ብዙ አትጠብቁ።

ስለ ጤናው ሚዛናዊ ልሁን። ዴንተን ካውንቲ ውስጥ ዲሽ የምትባል ትንሽ ከተማ በ2009 በራሷ ገንዘብ አየሯን አስመርምራ ቤንዚን (benzene፤ የመኪናው ነዳጅ አይደለም) የተባለውን መርዛማ ኬሚካል ጨምሮ አሳሳቢ ነገሮች ተገኙባት። በ2010 የክልሉ ጤና ቢሮ የነዋሪዎችን ደምና ሽንት መርምሮ ደግሞ መላው ሕዝብ የተጋለጠበት ምልክት አላገኘሁም አለ። ሁለቱም ተመዝግቧል። ጋዝ ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁም፣ ምንም የለውም የሚል ሲያጋጥማችሁም ማስረጃ ጠይቁት። የዲሽን ነገር የምወደው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ «እስኪ ራሳችን እንለካ» አለች።

እኔ ጋዝ ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ቤቴን የማሞቀው፣ ክረምት ላይ መብራቱ የሚበራልኝ በእሱ ነው። በመስኩ ከባድ መኪና እየነዱ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ወገኖች አሉን። ከጋዝ ድርሻ የሚያገኙ ከተሞችና ትምህርት ቤቶችም አሉ። የምለው ጉድጓዱ የት ይሁን፣ ምን ያህል ይራቅ፣ መኪናው በየትኛው መንገድ ይሂድ ሲባል የእኛ ሰፈር ዝም ያለ ሰፈር ሆኖ አይገኝ ነው። ዝም ያለ ሰፈር ይመረጣል። ይሄን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም።

ለከተማ ምክር ቤቶችም በዚሁ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤውን ለተከራዮችም ላኩ። በርካታ ኢትዮጵያውያን ባሉበት ሰፈር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። «ስለ ጋዝ ጉድጓድ ነው፣ በዚህ ቀን መጥታችሁ መናገር ትችላላችሁ» የሚል ብቻ ይበቃል።

ከእናንተ ከወገኖቼ ደግሞ የምለምነው ይህን ነው። እያንዳንዱ እድርና እያንዳንዱ ደብር እንግሊዝኛ የሚቀናውን አንድ ወጣት ይመድብ። ሥራው የከተማውን ምክር ቤትና የፕላን ኮሚሽኑን አጀንዳ ከስብሰባው በፊት ማየት፣ «ጋዝ» የሚል ነገር ካለ ለሕዝቡ መንገር ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አይጠበቅበትም። ዜጋ የሆናችሁ ደግሞ የባቡር ኮሚሽነሮችን የምትመርጡት እናንተ መሆናችሁን አትርሱ። ሦስት ናቸው፣ የስድስት ዓመት ዘመን አላቸው፣ በየሁለት ዓመቱ ለአንዱ ምርጫ ይደረጋል። በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ስማቸው ከታወቁት ሥልጣኖች በታች ስለሚመጣ ብዙ ሰው ሳይሞላው ያልፈዋል።

ዜጋ ያልሆናችሁም ከመናገር የሚከለክላችሁ የለም። በምክር ቤቱ ስብሰባ የሚሞላው ካርድ ስምና አድራሻ ነው የሚጠይቀው፣ ፓስፖርት አይደለም። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ ይህን ስሙኝ። በ2019 የወጣ የቴክሳስ ሕግ በአጀንዳው ላይ ባለ ጉዳይ ሕዝብ እንዲናገር መፍቀድን ግዴታ አድርጓል። በአስተርጓሚ ለሚናገር ሰው ደግሞ፣ በዚያው ቅጽበት የሚያስተረጉም መሣሪያ ከሌለ፣ ቢያንስ እጥፍ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ለሌላው ሦስት ደቂቃ ከተሰጠ ለእናንተ ስድስት ነው። እናቶቻችን በአማርኛ ይናገሩ፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ቆመው ያስተርጉሙ። አስተርጓሚ የሚያጣ ሰው ካለ እኔ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአርሊንግተን ነዋሪ የሆነ ወንድማችሁ